ሰው ገብቷል

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም። «ራሱ የሚሠራ ማሽን አስተማሪው» ነው የምባለው። የማስተምረው ትምህርት ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፤ አንዴ ለቤት አከራዬ ልነግራቸው ጀምሬ ገና መሃሉ ላይ ስደርስ «ተወው ልጄ፣ አትድከም» ብለው በእጃቸው አስቆሙኝ። ባጭሩ፣ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ የሚሞላው፣ የሚከድነው፣ የሚያሽገው ማሽን ሲበላሽ የሚጠግኑ ልጆችን ቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ አሠለጥናለሁ። የሰፈሩ ሰው ግን «ራሱ የሚሠራ» የምትለዋን ብቻ ይዞ ቀረ። ራሱ መሥራት ያቆመ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ የሚያቃስት ፍሪጅ፣ አልከፈትም ያለ ቴሌቪዥን፣ ዳገት እምቢ ያለ ባጃጅ። አንዲት ጎረቤቴማ እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ ታቅፈው መጡ። እኔም እንዳላሳፍራቸው ብዬ ዶሮዋን ተቀብዬ አገላብጬ አየኋት። ሶኬት የላትም።

እንዲህ አገር ያመነብኝ ሰውዬ ታዲያ በገዛ ማሽኔ ፊት የሆንኩትን ላጫውታችሁ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ ስሰማ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስለኝ ነበር።

ኮሌጃችን ያለው የመለማመጃ ማሽን አንድ ብቻ ነው። ከቻይና የመጣ ነው፣ የአንድ አልጋ ርዝመት አለው። ባዶ ጠርሙሶች በቀበቶ ላይ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ማሽኑ አይቶ ያቆማቸዋል፣ ውሃ ይሞላቸዋል፣ ይከድናቸዋል፣ ያሳልፋቸዋል። ከፊት ለፊቱ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ቋሚዎች አሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው በዓይን የማይታይ ብርሃን ያልፋል። ሰው ተሳስቶ እጁን ወደ ማሽኑ ቢሰድ ብርሃኑ ይቋረጥና ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ ጣት እንዳይበላ ነው። ስለዚህ ብርሃን ሦስት ሳምንት ሙሉ አስተምሬያለሁ። ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። ላልመለሰ አንድ ልጅ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። ያንን ዜሮ ዛሬ ለራሴ ብወስደው አይከፋኝም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ስምንቱ ሠልጣኞቼ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ጀርባው ግድግዳ ነው፣ ፊቱ ደግሞ ማሽኑ። ጉልበታቸውና ቋሚዎቹ ሊነካኩ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እኔ አልያዝኳትም ነበር።

በዚያ ሰሞን ቡሬ ካለ አንድ ፋብሪካ መልእክት መጣ። መሐንዲሱ መጥቶ ያየናል። ልጆቹ ያሰናዱት ማሽን በፊቱ ግማሽ ሰዓት ሳይቆም ከሠራ ስምንቱንም ለሥራ ልምምድ ይወስዳቸዋል፣ ጎበዝ ያለውንም ይቀጥራል። ከቆመ ደግሞ ለከርሞ ያድርሰን።

ለከርሞ መቆየት የማትችል አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ይታይሽ ትባላለች፤ የሽንዲ ልጅ ነች። አባቷ አያ ሞላ ይህን ትምህርት ከመጀመሪያውም አላመኑትም። ባለፈው ፋሲካ «ራሱ የሚሠራ ማሽን ከሆነ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?» ብለው ጠየቋት።  እኔ ጋ መጥታ ጠየቀችኝ፤ እኔም ስለ ምርታማነት አንድ ሰዓት አወራሁላትና መልስ እንደሌለኝ ሁለታችንም ገባን። አያ ሞላም ቆረጡ፤ ዘንድሮ ሥራ ካላገኘች ሽንዲ ተመልሳ የአጎቷን ወፍጮ ቤት ትጠብቃለች። «ወፍጮው እንኳ እህል ጨምሩልኝ ይላል፣ ሰው ይፈልጋል» አሉ አሉ። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ ልትስቅ ሞክራ ነበር፣ ግን አልሆነላትም። እኔም የዚያን ዕለት ይህ ማሽን አይቆምም ብዬ ማልኩ።

መማል ጥሩ አይደለም።

የመጀመሪያው ጉድ የኮሌጃችን ዲን ሊጎበኙን የመጡ ዕለት ደረሰ። ማሽኑ እየሠራ ነው፣ ጠርሙሱ ይንኳኳል፣ ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። በሩ ተከፈተ። ዲኑ ገቡ። እኛም እንደ ወጉ ብድግ ብለን «ኖር!» ብለን እጅ ነሳን። እሳቸውም «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉ። ቀና ስል ማሽኑ ቆሟል። አረንጓዴውን ቁልፍ ስጫነው እንደገና ተነሣ። «ቮልቴጅ ነው» አልኩ። በእኛ ሙያ «ቮልቴጅ ነው» ማለት ሐኪም «ታይፎይድ ነው» እንደሚለው ነው፤ ያላወቅነውን ሁሉ እዚያ ውስጥ እንከታለን።

በማግስቱ ከወረዳ አንድ ትልቅ ሰው መጡ። ኖር፣ በእግዜር፣ ቀጥ! በሦስተኛው ቀን ከዞን መጡ። ኖር፣ በእግዜር፣ ቀጥ! እኔም ሥራ ጀመርኩ። ሽቦውን ሁሉ ፈትቼ መልሼ አሰርኩ። ፊውዝ ቀየርኩ። ፕሮግራሙን ከሥሩ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጻፍኩ። አይጥ ይሆናል ብዬ ማሽኑ ሥር በደረቴ ተንፏቅቄ ገብቼ አንድ የጠፋብኝ የቁልፍ መያዣና ሁለት የማስቲካ ወረቀት አገኘሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ለብቻዬ ሆኜ ስሞክረው ደግሞ ከጧት እስከ ምሳ ያለ ማቋረጥ ይሞላል። ደስታዬ በዝቶ አንዱን ጠርሙስ ሳምኩት። ልክ ሰው ሲመጣ ግን ይቆማል።

ሰውም ይመርጣል እኮ! ወጣቱ የብየዳ አሠልጣኝ ሲገባ አይቆምም። የሻይ ቤቷ ልጅ ብርጭቆ ልትሰበስብ ስትገባ አይቆምም። የንብረት ክፍሏ እትዬ ጥሩ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው ባልቴት፣ ሲገቡ ግን ቀጥ ነው። ዕድሜና ማዕረግ ይለያል ማለት ነው። ነገሩ ግቢውን አዳረሰ። «የቴክኒክ ኮሌጁ ማሽን ሰው ያከብራል» ተባለ። እትዬ ጥሩማ የሚያወጡት ዕቃ ሳይኖር እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ እየገቡ ያስቆሙት ጀመር።

«የኔ ልጅ እንግዳ ሲገባ ከስልኩ ቀና አይልም» ይላሉ። «ይኸ ብረት ግን ሥራውን አቁሞ ይቀበላል። ያሳደገው ይባረክ!»

«እትዬ፣ ቻይና ነው ያሳደገው።»

«ቢሆንስ? ቻይና እናት የለውም?»

ማሽኑ ሲቆም ስክሪኑ ላይ በቻይንኛ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። እኔ ቻይንኛ አልችልም፤ አለመቻሌን ማሳወቅም አልፈልግም። ስለዚህ «ሜሞሪ ሞልቷል ማለት ነው» ብዬ ለልጆቹ ደብተራቸው ላይ አስጽፌያቸው ነበር። ይታይሽ ግን ዝም ብላ ጽሑፉን በስልኳ ፎቶ አንስታ አስተረጎመችው። ከዚያ ስልኩን አምጥታ አሳየችኝ። «ሰው ገብቷል» ይላል።

ክፍሉ ተቀወጠ! ማሽኑ ሰው ማክበር ብቻ አይደለም፣ እንግዳ መምጣቱን በጽሑፍ ያስታውቃል። እትዬ ጥሩ እልልታቸውን አቀለጡት። እኔ እንኳ፣ ዲፕሎማና ዲግሪ ያለኝ ሰውዬ፣ ለአንድ አፍታ ማሽኑን በአክብሮት አየሁት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አይደል? ወረቀት አወጣሁና በትልቁ «ከዐርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው መግባት ክልክል ነው» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ዲኑ ናቸው። ከውጭ ሆነው ራሳቸውን ብቻ ብቅ አደረጉ።

«እኔስ?» አሉ።

«እርስዎማ... ለጊዜው ነው ጌታዬ።»

«መሐንዲሱ በሚመጣ ቀን ወላጆችን በደብዳቤ ጠርቻለሁ። ከዐርባ በታች የሆነ ወላጅ ከየት ላምጣልህ?»

ወረቀቱን ራሴው ላጥኩት።

ዋዜማው ደረሰ። ልጆቹ አግዳሚው ላይ ናቸው፣ እትዬ ጥሩም እንደ ልማዳቸው ገብተዋል፤ እኔ ተስፋ ቆርጬ ጭንቅላቴን ይዤ በተቀመጥኩበት ይታይሽ መጣች።

«መምህር፣ 'ሰው ገብቷል' ነው የሚለው።»

«አውቃለሁ እኮ ልጄ።»

«ገብቷል ይላል። የት እንደገባ ግን ማናችንም አልጠየቅነውም።»

ይህን ብላ ሄዳ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነችና አንደኛው ቋሚ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «እትዬ ጥሩ፣ እስኪ አንድ ጊዜ ወጥተው ይግቡ» አለች። እትዬ ጥሩ ይህን ለመስማት ነው የተፈጠሩት። ወጥተው ነጠላቸውን አስተካክለው እንደ ንግሥት ገቡ። ሰባቱ ልጆች ብድግ፣ «ኖር!»፣ ጎንበስ። ግንባራቸው እንደ አንድ ሆኖ ወደ ፊት ወረደ። ማሽኑ ቀጥ።

ይታይሽ ግን አልጎነበሰችም። ቋሚው ላይ በገዛ እጄ የለጠፍኩትን «አትንኩ» የሚል ወረቀት ገለጥ አድርጋ ታያለች። ከሥሩ ትንሽ ቀይ መብራት በርቷል። ብርሃኑ ሲቋረጥ የሚበራ መብራት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ «እዚህ ነው! እዚህ ነው!» እያለ ሲጮህ ከርሞ እኔ በእጅ ጽሑፌ አፉን አፍኜዋለሁ። ማሽኑ እንግዳ አልቆጠረም፣ ዕድሜም አልጠየቀም። የገባበት እንግዳው ሳይሆን የኛ ግንባር ነው። ወጣት ሲመጣ የማንነሣው እኛ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ጎንበስ የምንለው እኛ! እኔስ ለምን አላየሁም? እኔም ጀርባዬን ለማሽኑ ሰጥቼ ወደ በሩ እጅ እነሳለሁ እንጂ መቼ አያለሁ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል። ይታይሽ ብሎ አወጣላት፣ ታያትም። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እትዬ ጥሩ ብቻ አኮረፉ። «እንግዲያ እኔን ብሎ አይደለማ የቆመው» አሉና ወጡ።

መፍትሔውን ይታይሽ ወዲያው ነገረችኝ። «አግዳሚውን እናውጣው መምህር። ግድግዳውን ተደግፈን ከቆምን እጅ ስንነሳም ብርሃኑ ጋ አንደርስም።» ትክክል ነበረች። ግን ያን ሁሉ ሽቦ የፈታሁ ሰውዬ አንድ አግዳሚ በማውጣት ልገላገል? ክብሬስ? «ፋብሪካው መቀመጫ እንኳ የላቸውም ይለናል» ብዬ እምቢ አልኩ። ከዚያ በሕይወቴ ያዘዝኩትን ከባዱን ትእዛዝ አዘዝኩ።

«ነገ ማንም ቢገባ፣ ማንም! አትነሡም።»

እርስ በርስ ተያዩ። ፈተና ነው ብላቸው እንዲህ አይደነግጡም። ከደምበጫ የመጣው ልጅ «መምህር፣ አባቴ ሲገባም?» አለ። «አባትህ ሲገባም!» አልኩት። ይታይሽ ግን አግዳሚውን ብቻ አየችው።

በነጋታው መሐንዲሱ መጣ። ቀጭን ሰው ነው፣ ቃልም ይቆጥባል። ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ጀምሩ» አለ። ይታይሽ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነችና ቦታዋ ተቀመጠች። ጠርሙሱ መጣ፣ ተሞላ፣ ተከደነ፣ አለፈ። አምስት ደቂቃ። አሥር። ሃያ። እኔ ቋሚው አጠገብ ቆሜ በሆዴ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ።

ሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ በሩ ተከፈተ። ወላጆች ናቸው። ከፊት ጋቢያቸውን የለበሱ፣ ዱላቸውን የያዙ፣ ረጅም ሰው። ይታይሽ ስትገረጣ አየሁና አያ ሞላ መሆናቸውን አወቅሁ።

ማንም አልተነሣም።

ወገኖቼ፣ ያንን ዝምታ እንዴት ላስረዳችሁ? የደምበጫው ልጅ አግዳሚውን በሁለት እጁ ከሥሩ ጨምድዶ ይዟል፣ እንዳይነሣ። ሌላው ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ «ኖር፣ ኖር» ይላል። ይታይሽ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ጠርሙስ ትቆጥራለች። አያ ሞላ ደጃፉ ላይ ቆመው ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣

«ሰው ያለ መስሎኝ ነበር የገባሁ» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ማሽኑ «ሰው ገብቷል» ሲል ከረመ፤ እሳቸው ደግሞ ገብተው ሰው አጡ። ይህም አልበቃቸውም። በማሽኑ በኩል ወደ እኔ መጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያን የሚያህል ሽማግሌ በፊቴ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

«እንደምን ዋሉ መምህር? ልጄን እንዲህ አድርገው ስላስተማሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ነበር። ሁለት ደቂቃ ብቻ! እኔ ግን ደቂቃውንም፣ ፋብሪካውንም፣ ትእዛዜንም ረሳሁ። ሽማግሌ ጎንበስ ብሎልኝ እኔ ቀጥ ብዬ ልቁም? እናቴ ምን ብላ አሳደገችኝ! «ኧረ በሞቴ! ኧረ ቀና ይበሉ! ምን በወጣዎት!» እያልኩ ከሳቸው ዝቅ ለማለት ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ወረድኩ።

ቀጥ!

ጠርሙሱ ግማሽ እንደተሞላ ቆመ። ስክሪኑ ቀላ። መሐንዲሱ ሰዓቱን አንስቶ አየና «ለምን ቆመ?» አለ።

እስካሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል፤ አፌን ከፍቼ «ቮልቴጅ ነው» አልኩ።

ያን ጊዜ ይታይሽ ተነሣች። መጀመሪያ ወደ ማሽኑ አልሄደችም። አባቷ ጋ ሄዳ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ደግፈው አነሷት። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ መሐንዲሱ ዞረች።

«ቮልቴጅ አይደለም» አለች። «በመምህራችን ግንባር ነው የቆመው።»

መሐንዲሱ ግራ ገባው። ግንባር ማለት ዕድል ነው፣ ግንባር ማለት ይኸው ግንባር ነው፤ ስድብ ይሁን ምርቃት አልለየለትም። ቅኔውን ቀድመው የቀመሱት አያ ሞላ ናቸው፤ ጺማቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ይታይሽ «አትንኩ»ን ገለጠች፣ ቀዩን መብራት አሳየች፣ ብርሃኑ የት እንደሚያልፍ በእጇ ቆረጠችው። ለምን እንዳልተነሡም ነገረቻቸው። ከዚያ ልጆቹን አስነሥታ አግዳሚውን አስወጣች፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አረንጓዴውን ተጫነችና አጠገባቸው ቆመች።

«አሁን አባቴ፣ እስኪ ወጥተው ይግቡልን።»

አያ ሞላ ወጥተው ገቡ። «ኖር!» አለ ክፍሉ፣ ስምንት ራስ ጎንበስ አለ፣ ጠርሙሱም መሙላቱን ቀጠለ። እሳቸውም «በእግዜር! በእግዜር ልጆቼ! አሁን ሰው አገኘሁ» አሉ። ያን ጊዜ መሐንዲሱ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። አሳሳቁ እንደ ቃሉ ቁጥብ አይደለም።

«የኛም የማምረቻ መስመር ይቆማል» አለ እንባውን እየጠረገ። «ለምን ቆመ ስላቸው ሁሉም 'ቮልቴጅ ነው' ይሉኛል።» እዚህ ላይ አየት አደረገኝ። «ስምንቱም ይምጡ። ይችን ልጅ ግን ለልምምድ አልወስዳትም፣ እቀጥራታለሁ።»

አያ ሞላ ዱላቸውን ተመርኩዘው ያንኑ ጥያቄያቸውን አነሱ። «ጌታው፣ ራሱ የሚሠራ ከሆነ ልጄ ምን ልትሠራ ነው?»

«ሲቆም ለምን እንደቆመ ልትነግረን ነው፣ አባቴ።»

አያ ሞላ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እንግዲያ ራሱ አይሠራማ!» አሉና ልጃቸውን ሳሟት። እኔ አንድ ሰዓት ያወራሁለትን ነገር እንዲህ በሦስት ቃል ጨረሱት። የደስታዬ ብዛት! አለቀስኩ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ግን አልቅሻለሁ።

በቅርቡ ቡሬ ሄጄ ጠየቅኋት። የፋብሪካው የማምረቻ መስመር አልጋ ከሚያህለው ማሽናችን ጋር አይወዳደርም፤ ጫፉ አይታይም። ቋሚዎቹ ፊት አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተቀብቷል። ሠራተኞቹ «የኖር መስመር» ይሉታል፤ ያስቀባችው እሷ ናት። ስገባ አየችኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፣ ከቢጫው ወዲያ ቆመች፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ «ኖር መምህር!» አለች። ጠርሙሱ በአጠገቧ ያለ ማቋረጥ ይፈሳል።

እኔም በደስታ ጎንበስ ልል ስል መሐንዲሱ ከኋላ ኮቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ወደ ታች ብመለከት ሁለቱም እግሮቼ ከቢጫው ወዲህ፣ ከማሽኑ በኩል ናቸው።

አንገቴን ቀጥ አድርጌ «በእግዜር» አልኳት።